ቁልፉን ለአያ ምስግና የሰጠሁ ዕለት

ለዘለቄታው የተሾመ ሰው ጉድለቱ ቀስ እያለ ነው የሚታየው። ጊዜ አለውና አይቸኩልም። ለአንድ ወር የተሾመ ሰው ግን ያለውን ጉድለት ሁሉ በሠላሳ ቀን ውስጥ አሳይቶ መጨረስ ስላለበት ይጣደፋል።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በሕይወቴ አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ወር፣ «ተጠባባቂ ኃላፊ» ተብዬ ነበር። ቃሉን ልብ ብላችሁታል? ተጠባባቂ፤ የሚጠባበቅ ሰው ማለት ነው። ምን እንደሚጠባበቅ ግን የሹመቱ ደብዳቤ ላይ አይጻፍም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላሉ አበው። እኔ ተሾሜ አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንኳ አልበላሁም፤ ከተሻርኩ በኋላ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እንግዲህ ወይ ተረቱ ይታረም፣ ወይ እኔ።

ነገሩ የሆነው ነፃነት በመጣ በሁለተኛው ዓመት፣ አስመራ ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ በነበረች አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው። እኔ እዚያ አራሚ ነበርኩ። አራሚ ማለት ሌላው የደከመበትን ገጽ ተቀብሎ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ፣ ጥፋት የሚፈልግ ሰው ነው። እንጀራዬ የሰው ስሕተት ነበር ብል አልዋሸሁም። እንዲህ ያለ ሰው ለሹመት ይመቻል አይመችም የሚለውን ለእናንተ ፍርድ እተወዋለሁ።

ያን ጊዜ ሥራው በሽ ነው። ከተማው በጦርነቱ ዘመን ሳይዳር የቀረውን ሁሉ በአንድ ዓመት ለመዳር የቆረጠ ይመስል የሠርግ ጥሪ ካርድ በላይ በላዩ ይመጣል። የእኛ ችግር ፊደል ነበር። የብረት ፊደሎቻችን የተገዙት ለአማርኛ ነው፤ አሁን የሚታተመው ደግሞ ትግርኛ ሆነ። ትግርኛ «ዓ» እና «ሓ» ትወዳለች። ገና ሁለት ካርድ ሳንደረድር የ«ዓ» ሳጥን ባዶውን ይቀራል፤ የመጀመሪያው ታትሞ ፊደሉ እስኪለቀቅ ሁለተኛው ሙሽራ ይጠብቃል። በ«ዓ» እጥረት ሠርጉ የተራዘመበት አለ ብል ማጋነን ይሆንብኛል። ግን ብዙም አላጋነንኩ።

እነዚያን ጥቂት ፊደሎች አብቃቅተው ገጽ የሚያወጡልን አያ ምስግና የሚባሉ ፊደል ለቃሚ ነበሩ። ሃምሳን ካለፉ ሰነባብተዋል፤ ቁመታቸው አጭር፣ ኮታቸው ረጅም ነው። ሲለቅሙ ሳጥኑን አያዩትም። ዓይናቸው ጽሑፉ ላይ ተተክሎ ጣታቸው ብቻውን እንደ ዶሮ አፍ ለቀም፣ ለቀም ያደርጋል። አብረን በሠራንባቸው ስምንት ዓመታት ለቀይ እስክሪብቶዬ ያገኘሁባቸው ሥራ በጣም ጥቂት ነው። እውነቱን ለመናገር በዚህ ትንሽ ቅር ሳልሰኝባቸው አልቀረሁም።

አለቃችን አቶ ተወልደ አስም ነበረባቸው። ታኅሣሥ ሲገባ የአስመራ ብርድ ደረታቸውን ያፍነዋል። በዚያ ዓመት ሐኪሙ «አንድ ወር ቆላ ይውረዱ» አላቸውና ጊንዳዕ፣ እህታቸው ዘንድ ሊሰነብቱ ተነሡ። ከመሄዳቸው በፊት ጠርተው ሁለት ነገር አስረከቡኝ፤ የበሩን ቁልፍና የሰዓት መዝገቡን። «ሥራውን እነሱ ያውቁታል። አንተ እንዳትረብሻቸው ብቻ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

በማግሥቱ ሹመቴ ገና ሳይነጋ ጸጸራት ሰፈር ካለው ቤቴ አስወጣኝ። በሩን ከፈትኩ፣ መዝገቡን ዘረጋሁ፣ የግድግዳውን ሰዓት ከእጄ ሰዓት ጋር አስተያየሁ። ሥራ የሚጀመረው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አንድ ሰዓት ከአምስት ሲሆን ሁሉም ገብቷል፤ አያ ምስግና የሉም። አንድ ተኩል ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ በጨለማው መተላለፊያ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ እንደ ባለርስት ዘና ብለው መጡ። «ደሓንዶ ሓዲርካ፣ ወደይ» ብለው እንደ ልጃቸው ሰላም ብለውኝ ወደ ሳጥናቸው አለፉ። ይቅርታ የለ፣ ምክንያት የለ። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛውም።

የቀደሙትን ገጾች ገልጬ ብመለከት አቶ ተወልደ በእሳቸው ስም ትይዩ ሰዓት አይጽፉም ኖሯል። «ገብተዋል» ብቻ። አንድ አራሚ ይህን የመሰለ ስሕተት አይቶ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? ደግሞስ አገር አዲስ ነው። ሰው በነፃ ጉልበቱ መንገድ ይጠርጋል፣ ዛፍ ይተክላል። በአዲስ አገር አሮጌ ማርፈድ ይፈቀዳል ወይ? እንዲህ እያልኩ ለሃያ አምስት ደቂቃ ማርፈድ የአገር ግንባታን ያህል ክብደት ሰጠሁት።

አሁን፣ ከመካከላችሁ አስተዋይ የሆነ ሰው «ታዲያ ለምን አልጠየቅካቸውም?» ይላል። ልክ ነህ፣ ወንድሜ። «አያ፣ ለምንድን ነው የሚያረፍዱት?» ቢባል አራት ቃል ነው። ግን አባቴን ለሚያህል ሰው፣ ሥራ ስገባ ፊደል ከፊደል እንድለይ በትዕግሥት ላስተማረኝ ሰው፣ ይህን እንዴት ብዬ ልበል? ደግሞ እውነተኛ ምክንያት ቢሰጡኝስ ምን እሆናለሁ? ስለዚህ ከመጠየቅ በቀር ሁሉንም ሞከርኩ።

በመጀመሪያ ስማቸውን በቀይ ጻፍኩ። መዝገቡን መተላለፊያው ላይ፣ ሁሉም በሚያልፍበት፣ ከፍቼ አስቀመጥኩት። አያ ምስግና ሳያዩት አለፉ። እብሪት ነው አልኩ።

ቀጥዬ ስብሰባ ጠራሁ። «አንዳንድ ሰዎች» የሚል ንግግር አደረግሁ። ይህን ዓይነት ንግግር ታውቁታላችሁ፤ ተናጋሪው ጣሪያውን እያየ የሚናገረው፣ ጥፋተኛው ሳይሆን ንጹሑ የሚሳቀቅበት። አንድ ቀን አውቶቡስ ጥሏት ሦስት ደቂቃ ያረፈደችው ጠራዧ ሳባ ዓይኗ እንባ ሞላ። በዕድሜው አርፍዶ የማያውቀው ባለማሽኑ አብርሃም ከዚያ ቀን ጀምሮ ገና በሩ ሳይከፈት መጥቶ ደጅ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አያ ምስግና ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ጣቶቻቸውን ይመለከቱ ነበር። ገባቸው አልኩ በልቤ። በማግሥቱ አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ መጡ።

ምክሩን የሰጠኝ ወዳጄ ዮናስ ነው። መምህር ነው። አንድ ምሽት ማኪያቶ ይዘን ጭንቀቴን ብነግረው ሳቀብኝ። በክፍሉ ከሁሉ የሚረብሸውን ልጅ የክፍል አለቃ እንደሚያደርገው፣ ልጁም ከዚያ ወዲያ ሌላውን ዝም ሲያሰኝ እንደሚውል አጫወተኝ። «ለሚያረፍደው ሰውዬ ቁልፉን ስጠው» አለኝ። «በሩ በእሱ እጅ ከሆነ እንዴት ያረፍዳል?»

እንዴት ያለ ብልሃት! ቁጣ የሌለበት፣ ቅጣት የሌለበት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥያቄ የሌለበት። በማግሥቱ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት አያ ምስግናን ጠርቼ ንግግር አደረግሁ፤ አሁን ጣሪያውን ሳይሆን እሳቸውን እያየሁ። የቤቱ አንጋፋ እሳቸው መሆናቸውን፣ የቤቱ በር ከእሳቸው የበለጠ ለሚታመን ሰው ሊሰጥ እንደማይችል፣ ስለዚህ ከነገ ጀምሮ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የሚከፍቱት እሳቸው መሆናቸውን ተናገርኩ። የሠርግ ካርድ ሲታረም የለመድኩትን የክብር ቃል አንድ ሳላስቀር ደረደርኩት።

አያ ምስግና ቁልፉን በመዳፋቸው ይዘው ብዙ አዩት።

«እኔ?» አሉ።

«እርስዎ እንጂ ማን አለ?»

«እዚህ ቤት በገባሁ በሃያ ሁለት ዓመቴ?» አሉና፣ «ሕራይ፣ ይሁን» አሉ። ቁልፉን ከውስጥ ኪሳቸው፣ ከደረታቸው በኩል ከተው ከላይ በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። ሰዎቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ለማን እንዳጨበጨብኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሠራ! በማግሥቱ በሩ በሰዓቱ ተከፈተ። በሣልስቱም። ዐሥር ቀን ሙሉ አያ ምስግና አንዲት ደቂቃ አላጓደሉም። መዝገቤ እንደ ታረመ ገጽ ጸዳ። እኔ ደግሞ ቁልፍ ከሌለብኝ ምን አስቸኮለኝ? ቀስ ብዬ እነሣ ጀመር። መንገድ ላይ ካለች ቡና ቤት ጎራ ብዬ ማኪያቶዬን ይዤ፣ ስለ ሰው አመራር የሚሰማኝ ካገኘሁ ሁለት ሦስት ነገር ጣል አደርጋለሁ። አንድ ሰዓት ከአምስት እገባለሁ፤ በሌላው ቀን ከዐሥር፤ በሌላው ከሩብ። የኃላፊን ስም በቀይ የሚጽፍ የለም።

የታኅሣሥ ማርያም ዕለት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ሁሉም ደጅ ላይ ቆመዋል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አያ ምስግና ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ፣ ግንባራቸው ተጋግጧል፤ ቀኝ እጃቸው በሳባ ነጠላ ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ አርፏል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ሲያዩኝ ሊነሡ ሞከሩና አልቻሉም።

«ወደይ» አሉኝ፣ «በሩን በሰዓቱ ከፍቻለሁ።»

ሳባ ያን ቀን አልፈራችኝም። መንገድ ላይ ማታ ለቧንቧ በተቆፈረ ጉድጓድ ወድቀው እጃቸው እንደ ተሰበረ፣ እንደዚያው ሆነው በግራ እጃቸው በሩን እንደ ከፈቱ ነገረችኝ። «ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንተን እየጠበቅን ነው» አለች። «ሐኪም ቤት እንሂድ ብላቸው እምቢ አሉ። ኃላፊው ሳይፈቅድ ሥራ ጥዬ አልሄድም፣ ስሜ ከዚህ በፊትም በቀይ ተጽፏል አሉ። ስማቸው በቀይ መጻፉን እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው!»

የማኪያቶው አረፋ ገና ጢሜ ላይ ነበር። እጅጌዬን አንሥቼ ጠረግሁት። በዚያች ሰዓት የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ እሱ ነው።

ታክሲ ይዘን ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እጃቸውን እያየ እንዴት እንደ ወደቁ ጠየቃቸው። ልብ በሉ፣ ጠየቃቸው። አያ ምስግና እኔን በጎን አየት አደረጉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጨለማ ስለ ነበር ጉድጓዱን እንዳላዩት ተናገሩ። «ጨለማ ላይ አይታይዎትም?» አላቸው። «እወ» አሉ፤ «ዳፍንት አለብኝ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ቀን ደህና ነኝ፤ ፀሐይ ካልወጣ ግን ዕውር ነኝ።» ቀጥለው ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ቀን ላይ ምንም አልሆንም፣ ፊደሉን ደህና አያለሁ፣ ታውቃለህ አይደል?» አሉኝ። እጁ የተሰበረ ሰው ስለ ዓይኑ ይለምነኛል። ፊደል ለቃሚ ዓይኑ ደከመ ከተባለ ምን እንደሚሆን ስለሚያውቁ ነው።

«አውቃለሁ፣ አያ» አልኩ። ምንም አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተመልሼ መዝገቡን ከፈትኩ። አቶ ተወልደ ሰዓቱን አይጻፉ እንጂ ሁሉም ተራ በተራ ሲገባ ነው ስሙን የሚያሰፍሩት። በሰኔ የአያ ምስግና ስም ሁልጊዜ ከላይ ነው። በግንቦትም፣ በመጋቢትም። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ግን ከሁሉ በታች ይወርዳል፤ የካቲት ላይ እንደገና ይወጣል። ሌሊቱ ሲረዝም ይወርዳል፣ ሲያጥር ይወጣል። በመተላለፊያውም ግድግዳ የሚዳስሱት በኩራት አልነበረም፤ ቀዩንም ጽሑፍ ያለፉት ንቀው አልነበረም። የጠፋች ነጥብ ከሩቅ የምለይ አራሚ፣ ስድስት ዓመት ዓይኔ ሥር የተጻፈውን አላነበብኩም። ደግሞ ያን ዐሥር ቀን እንዴት በሰዓቱ ደረሱ? በኋላ እንደ ሰማሁት፣ ባለቤታቸው አደይ ለተማርያም ናቸው ለካ፤ በየማለዳው በጨለማ ተነሥተው የባላቸውን እጅ ይዘው ከሰፈራቸው ከዓኽርያ እስከ ማተሚያ ቤቱ ማዕዘን ያደርሷቸውና ማንም ሳያይ ይመለሱ ነበር። ያን ዕለት የማርያም ሆነና አደይ ሌሊት ለማኅሌት ወጡ። አያ ምስግና «መንገዱን ለምጄዋለሁ፤ ዛሬ ብቻዬን እሄዳለሁ» አሉ።

አቶ ተወልደ ከጊንዳዕ ሲመለሱ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ነኝ ፀሐይ ስትወጣ ይምጡ ያልኳቸው» አሉ። «ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል። ለአንተ አለመንገሬ የእኔ ጥፋት ነው። ግን ጠየቅካቸው?»

«አልጠየቅኋቸውም።»

«ቢጠየቁ ይናገሩ ነበር። የሚዋሹ ሰው አይደሉም።» ከዚያ ወዲያ ጉዳዩን አላነሡትም። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ሲባል ሰምቻለሁ። ካለመጠየቅ የሚቀረው የሰው እጅ መሆኑን ግን የተረተልኝ አልነበረም።

እጁ ዳነ፤ ግን ጠሞ ዳነ። ሁለቱ ጣቶች ፊደል መያዝ ቀርቶ ብርጭቆ መያዛቸውን አያውቁትም። አያ ምስግና ጥቂት ቀን መጥተው ሞከሩ። ፊደሉ እየወደቀ መሬት ላይ ሲንኳኳ ሁላችንም የማንሰማ መስለን ሥራችን ላይ አቀረቀርን። በአራተኛው ቀን ኮታቸውን ለብሰው ወጡ፤ አልተመለሱም። አቶ ተወልደ እንደ አቅማቸው ጡረታ ቆረጡላቸው። ከዚያ በኋላ የሚመጣልኝ ገጽ በስሕተት የተሞላ ነው። ለቀይ እስክሪብቶዬ ሥራ ሞላ።

አንድ እሑድ ስኳርና ብርቱካን ይዤ ዓኽርያ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ቃሉን ሌሊቱን ሙሉ ጽፌ አርሜ፣ አርሜ ጽፌ፣ በቃሌ ይዤዋለሁ። ገና ሻሂ እንደ ቀረበልኝ ጉሮሮዬን ጠራርጌ «አያ፣ ስለዚያ ቁልፍ ጉዳይ» ብል አያ ምስግና ቀደሙኝ። ዓይናቸው በራ።

«ስለ እሱ ለማመስገን እኔ ነበርኩ መምጣት የነበረብኝ» አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ቤት ሲሠሩ አንድ ቀን እንኳ ማንም በእምነት ዕቃ ሰጥቷቸው እንደማያውቅ፣ ጣሊያናዊው ባለቤት በነበረ ጊዜማ ሲወጡ ኪሳቸው ይፈተሽ እንደ ነበር፣ እኔ ግን ልጃቸው የምሆን ሰው፣ ሰው ሁሉ ፊት የቤቱን ቁልፍ እንዳስያዝኳቸው ተናገሩ። «እጄስ ይሰበር፤ ሰው በደህናም ቀን ይወድቃል። ያን ዐሥር ቀን ግን ሰው ሆኜ ነው የገባሁት። የቐንየለይ፣ ወደይ። እግዚአብሔር የብዙ ሰው አለቃ ያድርግህ» ብለው በጤነኛው እጃቸው ራሴን ዳበሱኝ። «አሜን» አልኩ።

አደይ ለተማርያም ሊሸኙኝ እስከ ውጭ በር ወጡ። በሩን ከኋላቸው መለስ አድርገው በሹክሹክታ ጀመሩ።

«እሱ እውነት መስሎታል» አሉኝ። «እኔ ቁልፉን ይዞ የገባ ዕለት ነው ነገሩ የገባኝ። ለሚያረፍድ ሰው ቁልፍ የሚሰጠው ለምን እንደ ሆነ አላጣሁትም። ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው ስለማላውቅ ዝም ብዬ እጁን ይዤ መምራት ጀመርኩ።»

«አደይ፣ እኔ የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር» አልኳቸው።

«አይሆንም» አሉ። «እጁን ወስደሃል፤ ያችን አትውሰድበት። ይቅርታህን ለራስህ ያዛት።»

ያዝኳት። ይኸው ዓመታት አለፉ፤ በየበዓሉ ዓኽርያ እሄዳለሁ። አያ ምስግና ከጎናቸው ያስቀምጡኝና ለመጣው እንግዳ ሁሉ፣ ለጎረቤት፣ ለነፍስ አባታቸው ሳይቀር፣ ቁልፉን በሰው ፊት የሰጠኋቸው ሰው እኔ መሆኔን ይናገራሉ። እንግዶቹ በአድናቆት ወደ እኔ ይዞራሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ «ኧረ እኔ ምን አደረግሁ!» እላለሁ።

ትሕትና ይመስላቸዋል።